የቡና አገር ልጅ ዛፍ ያውቃል?

«ጅማ ያደገ ልጅ ዛፍ አያጣም» ይባላል። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት ጓሮው ሁሉ ቡና፣ ከቡናው በላይም ዛፍ ነውና እምነቱ ከመሬት አልተነሣም። ሆኖም ልጁ በመንገድ ዳርና በትምህርት ቤት አጥር ላይ ብዙ ጊዜ የሚያየው ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጽድ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣ፤ ግራቪሊያም መነሻው እዚያው ነው። የፈረንጅ ጽድ ደግሞ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ነው። ሦስቱም ይጠቅማሉ፤ አገር በቀል ግን አይደሉም።

ከቡናው በላይ ስላሉት ዛፎች ደግሞ «ጥላው የቡናውን ምግብ ይሻማል» የሚሉም አሉ። ጥላ ሲበዛ ምርት መቀነሱ እውነት ነው፤ ቅርንጫፍ የሚመለመለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አረቢካ ቡና ራሱ በጫካ ጥላ ሥር የኖረ ተክል ነው። የቡና ጥላ የሆኑት ሰሳና ብርብራ ደግሞ የባቄላ ዘመድ ናቸው፤ በሥሮቻቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለአፈሩ ያተርፋሉ። ሰሳን ለልጅ ማሳየት ሲመሽ ነው፦ ደቃቅ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይታጠፋሉ። ብርብራ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም በተፈጥሮ አይበቅልም። የተወቀጠ ፍሬው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ያደነዝዛል፤ መርዝ መሆኑን ልጆች አብረው ሊሰሙ ይገባል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን «ልጅ ዛፍ የሚማረው ችግኝ ሲተክል ነው» የሚለው ነው። መትከል መልካም ነው፤ ቡና መሬት ላይ ግን ዋንዛውም ብሳናውም ማንም ሳይተክለው ከወደቀ ፍሬ ይበቅላል። ዕጣው የሚወሰነው ገጀራ የያዘ ሰው አረም ሲመነጥር ነው። ቁመቱ ከጉልበት ያልዘለለውን ቡቃያ የማያውቅ እጅ ከአረሙ ጋር ይጥለዋል።

ስለዚህ ትምህርቱ ከምንጣሮ በፊት ይጀመር። ዋንዛ ገና በቡቃያነቱ ሰፊና ሻካራ ቅጠል አለው። የብሳና ቅጠል የልብ ቅርጽ ይዞ ከሥሩ ነጣ ይላል፤ ሲያረጅ ብርቱካንማ ይሆናል። ልጁ ወዴሳና በከኒሳ ብሎ በኦሮምኛ ቢጠራቸውም ዕውቀቱ ያው ነው። ያገኘው ቡቃያ አጠገብ እንጨት ይትከል፤ አባት ወይም እናት ደግሞ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው ቡናውን ስለሚያጨልም እንደሚነቀል እዚያው ቆመው ያስረዱት።