የደንገል ትንፋሽ

የደንገልን አገዳ በጣት ሲዳስሱት መጀመሪያ የሚገርመው ሦስት ጠርዝ ያለው መሆኑ ነው። በቢላ ሲሰነጥቁት ከአረንጓዴው ልባስ ሥር ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ ገላ ይወጣል። እሱን ውኃ ውስጥ ነክረው ጨመቅ ቢያደርጉት አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ውስጡ አየር ነውና።

ደንገል በበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ዘመድ ነው። ቁመቱ ግን ከ4 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ አናቱ ላይ ጸጉር የመሰለ ዘለላ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። የጥንት ግብፃውያን ከዚያ ነጭ ገላ ወረቀት ሠሩ። ጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ ታንኳ ሆነ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች አገዳውን አጭደው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ በነዶ በነዶ ጠፍረው ያስሩታል፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ይቆለምሙታል። የሚያንሳፍፈው ያው አየር ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ መልስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት።

ተክሉ ግን አየሩን የያዘው ለራሱ ነው። ሥሩ የተቀበረበት ጭቃ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከላይ የሳበውን አየር በአገዳው በኩል ወደ ታች ያወርዳል። በአግድም የሚሄዱት ወፋፍራም ሥሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው እንደ ምንጣፍ ይነጠፋሉ። በክረምት ወደ ጣና የሚፈስሱት የርብ፣ የጉማራና የመገጭ ወንዞች የደጋውን አፈር ጠርገው ሲመጡ፣ ጎርፉ እዚህ ጥልፍልፍ ውስጥ ሲገባ ይረጋጋል፣ ደለሉም ይዘቅጣል። ከማሳ ታጥቦ የመጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ደንገሉ ይመገበዋል። የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ጫጩቶች በአገዳዎቹ መሃል ይሸሸጋሉ፤ ወፎች ከላይ ጎጆ ይሠራሉ። የሞተው አገዳም ጭቃ ውስጥ ቶሎ ስለማይበሰብስ ካርቦኑን እንደያዘ ይቆያል።

እምቦጭም የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ የቅጠሉን እጀታ ያሳበጠው እሱ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። ጭቃ ውስጥ ሥር ሳይሰድ ነፋስ ወደነዳው ይሄዳል፣ የውኃውን ፊት ይሸፍናል፣ ብርሃን ይከለክላል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ኦክስጅን ያጥረዋል።

በእምቦጭ ላይ የተነሣው ቁጣ ተገቢ ነው፤ ሺዎች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የደንገሉ ዝም ብሎ ማለቅ ነው። ለታንኳ ሲታጨድ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ዳርቻው ተቃጥሎ ሲታረስ ግን ሥሩ አብሮ ይሄዳል። በቀጣዩ ክረምት ጎርፉ የሚያቆመው ሳያገኝ፣ ደለሉንና ማዳበሪያውን እንደተሸከመ ሐይቁ ይገባል። እምቦጭ የሚፋፋው ደግሞ በዚሁ ነው።