ኮምፒውተሩ አልነሳም ማለት ሰነዱ ጠፋ ማለት አይደለም



የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይሆንም። አንድ ተማሪ ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱን ጎን ለጎን ለመጫን ይነሳል። በመሃል መብራት ይጠፋል፤ ወይም ጭነቱ አልቆ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲበራ ጥቁር ስክሪንና አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ይታያል። በዚያ ዲስክ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉና ለወራት የሰበሰበው መጠይቅ አለ። ከባልንጀሮቹ ፈጥኖ የሚደርሰው ምክር «ፎርማት አድርገህ እንደገና ጫን» የሚል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ያ ምክር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን እንደሌለበት ማስረዳት ነው።

ምክንያቱ ከኮምፒውተሩ አነሳስ ይገኛል። መነሳት የቅብብሎሽ ሥራ ነው። ማብሪያው ሲጫን በመጀመሪያ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፈርምዌር ነው። ፈርምዌሩ ሥራውን ለቡት ሎደር ያስረክባል፤ ቡት ሎደሩ ከርነሉን ወደ ማህደረ ትውስታ ይጭናል፤ ከርነሉም የቀረውን ሥርዓት ያስነሳል። የእናንተ ሰነድ በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ የለም። አንዱ ተቀባይ ሲጠፋ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

በቀድሞው የባዮስ አሠራር ይህ በግልጽ ይታያል። የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ነው። ከዚህ ውስጥ 446 ባይት ለማስነሻው ኮድ፣ 64 ባይት ለአራት ክፋዮች ሰንጠረዥ፣ የቀረው 2 ባይት ለመለያ ምልክት ይውላል። ኮዱ ቢበላሽ ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ሰንጠረዡ ቢበላሽ ክፋዮቹ የት እንደሚጀምሩ አይታወቅም። ሆኖም በሁለቱም አጋጣሚ ከዚያ ሴክተር ውጭ ያለው ሰነድ ባለበት ይቆያል። በአሁኑ የዩኢኤፍአይ አሠራር ደግሞ እያንዳንዱ ስርዓተ ክወና በአንድ አነስተኛ የጋራ ክፋይ ውስጥ የራሱ ማህደር አለው፤ የአነሳስ ተራቸውም በማዘርቦርዱ ላይ ይመዘገባል። የክፋዮቹ ሰንጠረዥ ጂፒቲ ከሆነ መጠባበቂያ ቅጂው በዲስኩ መጨረሻ ላይ ይገኛል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ቅብብሎሹ የት ላይ እንደተቋረጠ መለየት ነው። ኮምፒውተሩ ያለምንም ጥያቄ ወደ ዊንዶውስ ከገባ፣ ብዙውን ጊዜ የተዛባው ተራው ነው፤ ወደ ፈርምዌሩ ማስተካከያ ገብቶ ኡቡንቱን ማስቀደም ሊበቃ ይችላል። የግራብ ሬስኪዩ ጥቁር ስክሪን ከመጣ፣ ግራብ መንቃቱን ነገር ግን የቀረውን አካሉን ማግኘት አለመቻሉን ያመለክታል፤ ይህ የሊነክሱ ክፋይ ሲሰረዝ ወይም ሲቀየር የሚያጋጥም ነው። ሊነክስ ተነስቶ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ከጠፋ፣ በ2021 ከወጣው የግራብ 2.06 ወዲህ ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን የመፈለጉ ተግባር በነባሪ የተዘጋ መሆኑን አስታውሱ፤ ያንን ከፍቶ ዝርዝሩን እንደገና ማዘጋጀት ነው። ፈርምዌሩ ዲስኩን ጨርሶ የማያየው ከሆነ ግን ችግሩ ከማስነሻው በፊት ነው፤ ማገናኛውን፣ የፈርምዌሩን አቀማመጥና ዲስኩን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራ ከጥገናው በፊት ሰነዱን ማውጣት ነው። የኡቡንቱን ፍላሽ ሰክታችሁ «ጫን» ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ የዊንዶውሱን ክፋይ ለንባብ ብቻ ከፍታችሁ ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ለንባብ ብቻ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዊንዶውስ ፈጣን አነሳስ ክፋዩን በከፊል እንደተኛ ስለሚተወው፣ በላዩ ላይ መጻፍ ሊያበላሸው ይችላል። ክፋዩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጥገናው ነው። ፍላሹ መነሳት ያለበት ዲስኩ ላይ ያለው ሥርዓት በተጫነበት አሠራር ነው፤ በባዮስ የተነሳ ፍላሽ የዩኢኤፍአይን መዝገብ ሊጽፍ አይችልም። ብዙ ጥገናዎች ከንቱ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ግራብን ከፍላሹ እንደገና መጫን፣ ወይም የዊንዶውስን ማስነሻ በራሱ የመጫኛ ፍላሽ መጠገን ይቻላል። የክፋዮቹ ሰንጠረዥ ጠፍቶ እንደሆነም ቴስትዲስክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ድንበሮቹን ፈልጎ ሊመልስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው። በጭነቱ ጊዜ «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለው ተመርጦ ከሆነ አዲሱ ሥርዓት በአሮጌው ሰነድ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ወዲያው አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ የሚተርፈውን ይቀንሳል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚለው ብሂል እዚህ ላይ አይሠራም፤ በላዩ የተጻፈበት ሰነድ ተመልሶ አይለቀምምና።

ስለዚህ ሁለት ስርዓተ ክወና ለመጫን የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ሰነዳችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ፤ የቢትሎከር ቁልፋችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ፈጣን አነሳስን ዝጉ፤ የዊንዶውሱን ክፋይ በዊንዶውስ በራሱ አሳንሱ፤ የላፕቶፑ ባትሪ መሙላቱንም አረጋግጡ። ይህ ከተደረገ፣ ቢሰናከል እንኳ የሚጠፋው አንድ ከሰዓት እንጂ የወራት ድካም አይሆንም።