ዘጠኝ ወር ወይስ ዓመት?

አዲስ አበባ የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ ይወስዳል። ዋሽንግተን የተወለደው የአክስቱ ልጅ ግን ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል። እናቶቹ በስልክ ሲጨዋወቱ አንዷ «የእናንተ ቸኮለ»፣ ሌላዋ «የእናንተ ዘገየ» ብትል አይገርምም። ሆኖም ሁለቱም ልጆች የተቀጠሩት በትክክለኛው ጊዜ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከማህፀን ነው። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት እናት ኩፍኝን የሚከላከሉ አንቲቦዲዎችን በእንግዴ ልጁ በኩል ለልጇ ትሰንቅለታለች። ስንቁ ከተወለደ በኋላ በየወሩ እየተመናመነ ይሄዳል። ክትባቱ ደግሞ የተዳከመ ነገር ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ ሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ጥቂት ካልተራባ የመከላከል አቅም አይገነባም። የእናት አንቲቦዲ በሽታውን ከክትባቱ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ያመክናል። ስለዚህ ልጁ ቶሎ ቢከተብ ክትባቱ ይባክናል፤ ቢዘገይ ስንቁ አልቆ ባዶውን ይቀራል።

በ9 ወራቸው ከሚከተቡ 100 ሕፃናት 85 ያህሉ የመከላከል አቅም ያዳብራሉ፤ በ12 ወር ቁጥሩ ወደ 95 ይጠጋል። ታዲያ ኢትዮጵያ ለምን 12 ወር አትጠብቅም? ኩፍኝ ስለማይጠብቅ ነው። አንድ ታማሚ ክትባት ያላገኙ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያስይዝ ይችላል፤ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ወረርሽኝ በሚመላለስበት አገር በ10 ወሩ የሚታመም ሕፃን ሊሞት ይችላል። ያመለጡት 15 ሕፃናት ደግሞ በሁለተኛው ዶዝ ይደረስባቸዋል፤ ኢትዮጵያ ይህን ዶዝ በ15 ወር መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ብዙ ወላጅ «ማጠናከሪያ ነው፣ ቢቀርም ግድ የለም» ብሎ ያልፈዋል። ለእነዚያ ልጆች ግን የመጀመሪያቸው ያህል ነው።

ዕድሜው ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። አሜሪካ ክትባቱ በተፈቀደበት በ1963 እ.ኤ.አ. በ9 ወር ጀመረች፤ በ1965 ወደ 12፣ በ1976 ወደ 15 ወር ገፋችው። ኋላ ላይ ወደ 12 መለስ ያለችው እናቶቹ ራሳቸው በክትባት ያደጉ ትውልድ ስለሆኑ ነው፤ ኩፍኝ ታማ ከዳነች እናት ይልቅ የተከተበች እናት የምታወርሰው አንቲቦዲ ያነሰ ነው።

ዕድሜውን በጉልበት ዝቅ ለማድረግም ተሞክሯል። መጠኑ እጅግ ከፍ ያለ ክትባት በ6 ወርና ከዚያም በታች ለሆኑ ሕፃናት ሲሰጥ አንቲቦዲያቸው አጥጋቢ ነበር። ነገር ግን በሴኔጋልና በጊኒ ቢሳው ክትባቱን የወሰዱ ሴት ሕፃናት በቀጣዮቹ ዓመታት መደበኛውን ከወሰዱት ይልቅ በሌሎች በሽታዎች በብዛት ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1992 እ.ኤ.አ. አስቆመው። ደም ውስጥ የሚለካ ቁጥር ብቻውን እንደማያስተማምን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በብዙ አገር ከኩፍኝ ጋር በአንድ መርፌ የሚሰጠው የሩቤላ፣ ማለትም የጀርመን ኩፍኝ ክትባት ሌላ ስሌት አለው። ሩቤላ ለልጁ ቀላል ሽፍታ ነው፤ አደጋው ለጽንሱ ነው። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ በ1941 እ.ኤ.አ. የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን እናቶቻቸው በእርግዝና ከታመሙት ሩቤላ ጋር አገናኘ። እናት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከተያዘች ጽንሱ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። እዚህ ላይ ከወሩ ይልቅ የሚያሳስበው የተከታቢው ብዛት ነው። ግማሹን ብቻ መከተብ በሽታውን አያጠፋም፤ ያልተያዙት ልጃገረዶች ሳይጋለጡ አድገው የመውለጃ ዕድሜያቸው ላይ እንዲያገኛቸው ያደርጋል። ግሪክ በ1993 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ የገጠማት በዚህ መንገድ ነው።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ከተባላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ብልቃጡ ነው። 10 ልጅ የሚከትበው ብልቃጥ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል፤ ባለሙያው ለአንድ ልጅ ብሎ ለመክፈት ይሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ይላል። ከአሜሪካ ሕፃን ይዛችሁ አገር ቤት የምትመጡ ደግሞ፣ ልጁ ከ6 እስከ 11 ወር ከሆነ ከጉዞው በፊት አንድ ዶዝ አስከትቡት። ያ ዶዝ ለመንገዱ ነው፤ ዓመት ከሞላው በኋላ የሚወስዳቸው ሁለቱ እንዳሉ ይቆያሉ።