ቆላ ወርዶ የመጣውን ማን ይጠብቀዋል?

ወረርሽኝ በገባ ቁጥር «አቅመ ደካሞችን እንጠብቅ» ይባላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አቅመ ደካማ ማነው ቢባል ግን ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ተብሎ እዚያው ይቆማል። እነዚህን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባም የተነገረው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ነገ ልናስተምርባቸው በምንችላቸው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ቀበሌዎች አንድ ሌላ ሰው አለ። ክንዱ የጠና፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ማንም ደካማ ነው ብሎ የማያስበው። እሱም ሐምሌ ሲገባ ለሰሊጥ አረም፣ መስከረም ሲጠባ ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ጎረምሳ ነው። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ደብተሩን ጥሎ የሄደ ተማሪ እንደሆነ የአካባቢው ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ለምን ይወርዳል? መሬቱ ተሸንሽኖ አልቋል፣ ዝናቡም አይታመንም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው ካልን ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

እዚያ ቆላ የሚጠብቀው ወባ ብቻ አይደለም፤ ካላዛር የሚባል በሽታም አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው ከቢምቢ በጣም የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። በመተማና በሁመራ በኩል ዋልካው መሬት ሲሰነጠቅ በስንጥቁ፣ እንዲሁም በግራር ዛፍ አካባቢ ትጠለላለች፤ ሲመሽ ወጥታ ትናከሳለች። ሜዳ ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ታዲያ በምን ያመልጣታል? ተንኮሉ ደግሞ በሽታው ቶሎ አለመታየቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይደበቃል። ኅዳር ላይ ደህና ሆኖ፣ ጫማና ጃኬት ገዝቶ የተመለሰው ልጅ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ይተኛል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ይነፋል። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በምግብ እጥረት የተጎዳና ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ደግሞ ይብስበታል።

ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ገብቶ ነበር። ሊቦ ከምከም ደጋ ቀመስ አገር እንጂ የካላዛር አገር ተብሎ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ሕዝቡ የወባ መድኃኒት እየዋጠ፣ እየተመላለሰ ይሞት ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው ግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፍተው እስከ 2000 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ2,000 በላይ ሰዎች አከሙ። በሽታውን ያመጡት ወደ ቆላ ሥራ ሄደው የተመለሱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ ይታመናል።

በዚያው ጊዜ 171 ሕሙማን ከ171 ጤነኞች ጋር ተነጻጽረው ነበር። በጣም የተጠቁት ቀን በግራር ጥላ ሥር የሚተኙ፣ ሌሊት ውጭ የማደር ልማድ ያላቸውና ውሻ ያላቸው ሆነው ተገኙ። እስቲ ውጭ የሚያድረው ማነው? እረኛውና ማሳ ጠባቂው አይደለም እንዴ? አጎበር ቢታደል አጎበሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ እሱ ቤት የለም። እንግዲህ እርዳታ ለሁሉም እኩል ታደለ ማለት ለሁሉም እኩል ደረሰ ማለት አይደለም።

ወባም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ1951 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ገብቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ፣ ወደ 150 ሺህ ሰው አልቋል ተብሎ ይገመታል። የዚያን ያህል የጎዳውም የደጋው ሰው ሰውነት በሽታውን ስለማያውቀው ነበር። ከጉና ሥር ተነሥቶ ቆላ የሚወርደው ልጅም ሰውነቱ ያው ነው።

መምህር ሐኪም አይደለም፤ መርፌ እንውጋ የሚል የለም። ነገር ግን የስም መጥሪያ በእጁ ነው። ማን በየትኛው ወር እንደጠፋና መቼ እንደተመለሰ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ በገጠር ያለ አይመስለኝም። ልጁ ከወራት በኋላ ትኩሳት ይዞት ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ «ሰነፍ» ከማለት በፊት «ቆላ ወርደህ ነበር ወይ?» ማለት ይቻላል። ቤተሰቡም «ምች ነው» ብሎ ሊይዘው ይችላልና፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መናገር ያሻል። ጤና ጣቢያም ሲሄድ መጀመሪያ የሚናገረው መተማ ወይም ሁመራ ቆይቶ መምጣቱን ነው። ያን ካልተናገረ ወባ ተብሎ፣ ታይፎይድ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ልጆችም በፊቱ «በሽታ ይዞ መጣ» እያሉ እንዳያሸማቅቁት ያስፈልጋል፤ የተሸማቀቀ ሰው የሄደበትን ይደብቃልና።

የቀረው የገንዘብና የሰው ጉዳይ ነው። ሕክምናው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአዲስ ዘመን ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ 17 ቀን በየዕለቱ መርፌ ነው። ከስማዳ ገደል አንድ ሕመምተኛ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ማውጣት፣ አስታማሚ መመደብ፣ ለሁለቱም የ17 ቀን ስንቅ መቋጠር አለ። እድራችንና ቅሬያችን ለሞተ ሰው በአንድ ቀን የሚያዋጣውን ያህል፣ ሳይሞት ለዚህ ስንቅ እንዲያዋጣ ማን ያነሣሣው?