ሴት ልጃቸውን "ወንድ" አድርገው የሚያሳድጉት ለምንድን ነው?

ፀጉሯን አሳጠሯት፣ ሱሪ አለበሷት፣ የወንድ ስም አወጡላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ "ወንድ ልጅ" ሆነች።

ነገሩ አፍጋኒስታን ውስጥ ያለ የቆየ ልማድ ነው። "ባቻ ፖሽ" ይሉታል፤ በዳሪ ቋንቋ "እንደ ወንድ ልጅ የለበሰች" እንደማለት ነው። እስቲ በአጭሩ እንንገራችሁ።

ለምን ያደርጉታል?

እዚያ ወንድ ልጅ የሌለው ቤት እንደ ጎደለ ይታያል። እናትየው ይታዘንላታል፣ ትታማለችም። ከሴቶቹ አንዷን ወንድ ማስመሰል የሰው አፍ ያዘጋል። ቀጣዩ ልጅ ወንድ እንዲሆን ይረዳል ብለው የሚያምኑም አሉ። ኑሮ የከበደው ቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፦ "ወንዱ" ሱቅ ይላካል፣ ሠርቶ ይገባል፣ እህቶቹን አጅቦ ከቤት ይወጣል።

የድሃ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፓርላማ አባል የነበሩት አዚታ ራፋት ራሳቸው በልጅነታቸው እንዲህ አድገዋል። በኋላም አራት ሴቶች ወልደው "ወንድ የላትም" የሚለው ወሬ ሲበዛባቸው ትንሿን ልጃቸውን ወንድ አልብሰዋታል።

ከዚያስ?

ለአካለ መጠን ስትደርስ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ትናንት ብስክሌት ስትነዳ፣ ኳስ ስትጫወት የነበረች ልጅ "በቃ፣ አሁን ሴት ነሽ" ትባላለች። ሻሽ ታስራለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ብዙም ሳይቆይ የትዳር ወሬ ይመጣል። አንዳንዷ እፎይ ትላለች። ሌላዋ ግን የቀመሰችውን ነፃነት ተመለሺ ስትባል እሺ ማለት ይከብዳታል።

አሁን ደግሞ

ታሊባን እ.አ.አ. በ2021 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ሴቶች ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከልክለዋል። ከ72 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጓዝም የቅርብ ወንድ ዘመድ አብሯቸው መሆን አለበት። በር በተዘጋ ቁጥር የዚያች ሱሪ ዋጋ ይጨምራል።

ማየት ለምትፈልጉ፣ እ.አ.አ. በ2003 የወጣው "ኦሳማ" የተባለው የአፍጋን ፊልም በመጀመሪያው የታሊባን ዘመን እናቷን ለመርዳት ወንድ መስላ የወጣች ልጅን ታሪክ ያሳያል።

እኛን ያስገረመን ግን ይሄ ነው። ልጅቷ ያው ናት፤ ጉልበቷም ጭንቅላቷም አልተቀየረም። ሱሪውን ስትለብስ ትችላለች ተባለች፣ ስታወልቅ አትችይም ተባለች።

ታዲያ መጀመሪያውኑ የጎደላት ምን ነበር? እናንተስ ምን ትላላችሁ?