የድሮ ኮምፒውተሮችን ፈርምዌር ቺፕ መቀየር፦ ምን ይግባ? ምን ይውጣ?

መግቢያ

ሶፍትዌርና ሃርድዌር የሚሉት ቃላት ለክፍላችን ተማሪ አዲስ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለው ፈርምዌር ግን ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ተጠርቶ ይታለፋል። ፈርምዌር ማለት ቺፕ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ ሥራ የሚጀምር ፕሮግራም ነው። ዛሬ የላፕቶፕን ፈርምዌር ለማሻሻል አንድ ፋይል አውርዶ ማስኬድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በነበሩት የግል ኮምፒውተሮች ላይ ግን ቺፑን ራሱን ነቅሎ ሌላ መትከል የግድ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ኮሞዶር 64 የተባለውን ኮምፒውተር ምሳሌ አድርጌ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚያም ከሥራው ጋር የሚመጣውን ዋና ጥያቄ፣ ማለትም ቦታው በሞላ ቺፕ ውስጥ አዲስ ነገር ለማስገባት ምን እናስወጣ የሚለውን፣ በራሳችን ፊደል እንፈትሸዋለን።

ሦስቱ ቺፖች

ኮሞዶር 64 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ምርቱ በ1994 እስኪቆም ድረስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ፈርምዌሩ በጠቅላላው 20 ኪሎባይት ሲሆን በሦስት ሮም ቺፖች ተከፋፍሏል። 8 ኪሎባይቱ የቤዚክ ቋንቋ ነው። ሌላው 8 ኪሎባይት ኬርናል ይባላል፤ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ካሴቱንና ዲስኩን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የቀረው 4 ኪሎባይት የፊደላት ቅርጽ የተቀመጠበት የፊደል ሮም ነው።

እነዚህ ቺፖች ይዘታቸው ፋብሪካ ውስጥ አብሯቸው የተሠራ ስለሆነ አይሰረዙም፣ አይታረሙም። ስለዚህ መቀየር የሚፈልግ ሰው የሚጠቀመው ኢፕሮም የተባለውን ቺፕ ነው። ኢፕሮምን የፈለሰፈው የኢንቴል መሐንዲስ የነበረው ዶቭ ፍሮማን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የመጀመሪያው ቺፕ፣ 1702፣ የሚይዘው 256 ባይት ብቻ ነበር። የሚገርመው ነገር፣ ፍሮማን ከዚህ ሥራው በኋላ ኢንቴልን ለቆ ወደ ጋና በመሄድ በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና አስተምሯል።

ኢፕሮም አናቱ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለው። በዚያ መስኮት የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲገባበት ይዘቱ ይሰረዝና ሁሉም ቢት 1 ይሆናል። መጻፍ ማለት እንግዲህ ከእነዚህ 1ዎች የተወሰኑትን ወደ 0 መለወጥ ነው። 0ን መልሶ 1 ማድረግ የሚቻለው ሙሉውን ቺፕ በመሰረዝ ብቻ ነው። ተጽፎ ያለቀ ቺፕ መስኮቱ ላይ ወረቀት የሚለጠፍበትም ለዚሁ ነው፤ ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን በአንድ ሳምንት ገደማ ሊሰርዘው ይችላል።

ለመጨመር መቀነስ

የኬርናል ቺፕ መቀየር በጣም የታወቀው ምሳሌ ጂፊዶስ ነው። የኮሞዶር 64 ፍሎፒ ድራይቭ፣ 1541፣ ዘገምተኛነቱ የተመሰከረለት ነበር። በሰከንድ የሚያነበው 400 ባይት ገደማ ስለሆነ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ለመጫን ከደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። ጂፊዶስ አንድ ቺፕ በኮምፒውተሩ፣ ሌላ ቺፕ ደግሞ በድራይቩ ውስጥ በመተካት ፍጥነቱን ብዙ እጥፍ አሳደገው።

ታዲያ ይህ አዲስ ፕሮግራም የት ገባ? ኬርናል 8192 ባይት ነው፤ አንድም ባይት አይጨመርበትም። የጂፊዶስ አዘጋጆች ያደረጉት የካሴት ማንበቢያና መጻፊያውን ክፍል አውጥቶ መጣል ነበር። ዲስክ ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። ፕሮግራሞቹን ሁሉ በካሴት ለያዘ ሰው ግን ኮምፒውተሩ ፈጠነ ሳይሆን ተበላሸ ማለት ነው። ፈርምዌር ሲቀየር ማን ይጠቀማል ብቻ ሳይሆን ማን ያጣል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ፊደላችን በ4 ኪሎባይት

አሁን ወደ ፊደል ሮሙ እንምጣ። እያንዳንዱ ምልክት የሚቀመጠው በ8 ባይት፣ ማለትም በ8 በ8 የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። የእንግሊዝኛው ዩ ቦታው 21ኛው ስለሆነ 21 በ8 ተባዝቶ ከ168ኛው ባይት ይጀምራል። ባይቶቹም 102፣ 102፣ 102፣ 102፣ 102፣ 102፣ 60፣ 0 ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሁለትዮሽ ቀይራችሁ ወረቀት ላይ ብትስሏቸው የምታገኙት ቅርጽ ሀ ነው! የመጀመሪያው ፊደላችን በሌላ ስም ቺፑ ውስጥ አለ። ሁ ለማድረግ ግን ቅርጹን ወደ ግራ ገፍቶ ለቅጥሉ ቦታ ማውጣት ይጠይቃል፤ ለምሳሌ 204፣ 204፣ 204፣ 207፣ 204፣ 204፣ 120፣ 0 ቢሆን ይሠራል። እንደ ጬ ያሉት ሲመጡ ነገሩ ይከብዳል።

ከቅርጹ የሚብሰው የብዛቱ ጉዳይ ነው። ቺፑ ሁለት የፊደል ገበታዎች ይይዛል፤ እያንዳንዱ 256 ቦታ አለው። ነገር ግን የየገበታው ሁለተኛ አጋማሽ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ ያው ቅርጽ ቀለሙ ተገልብጦ የተቀመጠ። ስለዚህ በአንድ ገበታ ያሉት የተለያዩ ቅርጾች 128 ብቻ ናቸው። የእኛ ፊደል 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው፤ ዲቃላዎቹና ቨ ሳይቆጠሩ። እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት መንገዶች ይታዩኛል።

አንደኛው መንገድ ሞክሼ ሆሄያትን መቀነስ ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነቤተሰቦቻቸው ቢወጡ 35 ቦታ ይገኛል። 196 ይቀራል፤ አሁንም ከ128 ይበልጣል። እንዲያው በከንቱ ሠረቀንና ሰረቀን አንድ አድርገን ቀረን ማለት ነው።

ሁለተኛው እንደ አማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደሉን ከአካሉና ከቅጥሉ መገጣጠም ነው። ቦታው ይበቃል። ሆኖም አንድ ፊደል ሁለት ቦታ ከያዘ 40 ፊደል የሚይዘው የስክሪኑ መስመር ወደ 20 ይወርዳል።

ሦስተኛው አንዱን ገበታ ለእንግሊዝኛው ትቶ ሁለተኛውን ከነግልባጩ አጋማሽ ለፊደላችን መስጠት ነው። 231 ፊደል፣ 20 የግዕዝ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ እና ባዶ ቦታ ሲደመሩ ልክ 256 ይሆናሉ። ደስ ይላል! ግን ችግር አለው። ከርሰሩ ብልጭ የሚለው ኬርናል የፊደሉን ቁጥር ከአንዱ አጋማሽ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ስለሆነ፣ ከርሰሩ ያረፈበት ፊደል በሌላ ፊደል እየተተካ ይርገበገባል። ኪቦርዱም ፊደላችንን አያውቅም። ስለዚህ የፊደል ሮሙን የነካ ሰው ኬርናሉንም መንካቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ገበታው ለመላው ስክሪን በአንዴ የሚቀየር በመሆኑ አማርኛና እንግሊዝኛ በተለመደው መንገድ ጎን ለጎን አይታዩም።

ልብ በሉ፣ በዚሁ ቺፕ ውስጥ ለካርታ ጨዋታ ምልክቶች፣ ለልብና ለአበባ ቅርጽ፣ ቦታ ተገኝቷል። ይህ በክፋት የተደረገ አይደለም። ዲዛይነሮቹ በአእምሯቸው የነበረውን ተጠቃሚ አስበው መረጡ፤ የእኛ አንባቢ ግን በዚያ ምርጫ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም ኢጂኤ ካርድ ፊደላትን በሶፍትዌር መጫን ይፈቅድ ነበር። በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን 384 ቦታዎች መደበ።

ለመሞከር ለሚፈልግ

ቺፕ ከመንካት በፊት ሥራውን ቫይስ በተባለው ኢሙሌተር ላይ መፈተን ይቻላል፤ የተቀየረውን የሮም ፋይል ይቀበላል። ወደ ማሽኑ ሲኬድ የሚከተሉት መረሳት የለባቸውም።

1ኛ. የኃይል ማቅረቢያው ትክክለኛ 5 ቮልት መስጠቱ በቅድሚያ ይለካ። ያረጀ ማቅረቢያ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ቺፖችን ያቃጥላል።

2ኛ. የመጀመሪያው ቺፕ ሁለት ጊዜ ይነበብና ሁለቱ ቅጂዎች ይነጻጸሩ። ቺፑም አይጣል።

3ኛ. የኬርናል ቺፕ 24 እግር ሲኖረው 2764 ኢፕሮም 28 እግር ስላለው አዳፕተር ያስፈልጋል። በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ቺፑ የተበየደ ነው፤ ከተነሳ በኋላ በቦታው ሶኬት ቢበየድ ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማል።

4ኛ. ቺፑ ሲሰካ የጫፉ ጎድጓዳ ምልክት አቅጣጫ ይታይ። የተገለበጠ ቺፕ ኃይል ሲያገኝ ሊቃጠል ይችላል።

ማጠቃለያ

ቺፑን ማንበብ፣ መሰረዝና መጻፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ሙያ ነው። የሚከብደው 8192 ወይም 4096 ባይት ፊት ተቀምጦ ይህ ይቅር፣ ይህ ይግባ ማለቱ ነው። ነገ እኛም ለሌሎች የሚሆን መሣሪያ ስንሠራ፣ ሜትርም ይሁን የሕክምና ዕቃ፣ ያው ምርጫ ይጠብቀናል። ስለዚህ ዝርዝሩን ስናወጣ ከምናስገባው ጎን የምናስወጣውንም እንጻፍ፤ ከተጠቃሚዎቹ መካከልም ያ ነገር የሚያስፈልገው ሰው መኖሩን አስቀድመን እንጠይቅ።