ሕመሙ ቢሄድም ጡንቻው አልዳነም

በሞያሌ የጦር ሰፈር፣ አመሻሹ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል የኳስ ሜዳው ይደምቃል። በአንድ እንዲህ ባለ ዕለት የክፍላችን አሥር አለቃ ኳስ ተከትሎ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ በድንገት ታፋውን ከኋላ ይዞ ቆመ። ባለቤቱ በዚያው ሌሊት ቅቤ አሙቃ አሸችው፤ በነጋታው እብጠቱ ጨመረ። በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ፤ እርሱም ወደ ሜዳ ተመልሶ ያንኑ ጡንቻ ዳግመኛ ጎዳው። ሁለት ወር ሙሉ አነከሰ። የጎደላቸው ፍቅርም ወኔም ሳይሆን ዕውቀት ነበር።

የታፋ የኋላ ጡንቻዎች ሦስት ሲሆኑ፣ ከመቀመጫ አጥንት ተነሥተው ከጉልበት በታች ይያያዛሉ። ሯጭ እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ መሬት ሊረግጥ ሲል ጡንቻዎቹ እየተለጠጡ የእግሩን ውርወራ ይገታሉ፤ በሩጫ ጊዜ አብዛኛውን የሚጎዱትም በዚህች ቅጽበት ነው። ጉዳቱ የድክመት ምልክት አይደለም። ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘችበት በ1984 ዓ.ም. የባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ የብሪታንያው የ400 ሜትር ሯጭ ዴሪክ ሬድመንድ ይኸው ጡንቻ ተበጥሶበት፣ በአባቱ ትከሻ ተደግፎ እያለቀሰ ሩጫውን ፈጽሟል።

ውድ አንባብያን፣ ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ተጎጂው ከሩጫ ይታቀብ። በረዶ በሌለበት ቤት፣ በቀዝቃዛ የእንስራ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በቀን ደጋግሞ ይደረግበት። ታፋው በፋሻ ይታሰር፤ እግሩም በትራስ ከፍ ይበል። ሙቀት፣ መታሸትና መጠጥ በውስጥ የሚፈሰውን ደም ሊያባብሱ ስለሚችሉ በእነዚህ ቀናት ይቅሩ። ሲጎዳ የመበጠስ ድምፅ የሰማ፣ ታፋው የጠቆረ ወይም መርገጥ ያቃተው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ቀላሉ ጉዳት ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ መካከለኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ ፈጽሞ የተበጠሰው ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ሕመሙ ከጡንቻው ቀድሞ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ በመጨረሻም ፈጣን ሩጫ ያለ ሕመም መከናወን አለበት።

ጡንቻው ሲጠና ኳስ ተጫዋቾች የሚሠሩት አንድ ልምምድ አለ፦ ተንበርክኮ፣ ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ማውረድ። ዛሬ የአሥር አለቃውን ቁርጭምጭሚት አጥብቃ የምትይዘው ባለቤቱ ናት፤ ቅቤውም ወደ ወጡ ተመልሷል።